ተመላሽ ስኳር

በመጋዘናችን መግቢያ ግድግዳ ላይ የድርጅታችን ታሪክ በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል። የጻፈው ከማስታወቂያ ድርጅት የመጣ፣ ጠባብ ሱሪ የሚለብስ ልጅ ነው። ሻይ ጠጣ፣ ፎቶ አነሳ፣ በሳምንቱ ይዞልን መጣ። «ቢሂና ላሕሰን በተባሉ ሁለት የአክስት ልጆች ተመሥርቶ፣ ዛሬ በካዛብላንካ ለሚገኙ ትንንሽ ሱቆችና ኪዮስኮች ሸቀጥ በጅምላ የሚያከፋፍል» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «አመራሩ በሰላም ወደ ሁለተኛው ትውልድ ተሸጋገረ» የሚል አለ።

በሰላም! ያን ቀን በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ድርጅቱን አንድ ሙሉ ረፋድ ዘግቼዋለሁ። ልጁ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ቤታችን ካዛ፣ ደርብ ዑመር ሰፈር፣ ከመጋዘኑ በላይ ነበር። ከታች ሻይ ቅጠል፣ ዘይት፣ ሰርዲን፣ ሻማ፣ ክብሪት፤ ከሁሉም በላይ ግን ስኳር። እኛ ዘንድ ስኳር ሾጣጣ ነው። በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ባለሱቁ በመዶሻ እየፈለጠ ይሸጠዋል። ስኳራችን እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሮ ስለሚቆም፣ እኔ በዓለም ላይ ሰማያዊ የሆነ ነገር ሁሉ የኛ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት ልጅ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ «ከየት ወሰድሽው?» ብዬ አፋጥጬ አስለቅሻታለሁ።

አያቴን ባሲዲ ነበር የምለው። ሰው ሁሉ ሐጅ ቢሂ ይለዋል። ሸሪኩ ዳ ላሕሰን ነው፤ «ዳ» እኛ ዘንድ ጋሼ እንደማለት ነው። ሁለቱን አብረው አይቻቸው አላውቅም፤ አንዱ ካዛ መጋዘኑን ሲጠብቅ ሌላው ታፍራውት፣ አገር ቤት፣ ሚስቱንና ማሳውን ይጠብቃል። ስድስት ወር ሲሞላ ይቀያየራሉ። ሱስ ከሚባለው ከእኛ አገር የመጣ ነጋዴ ሁሉ ይኸው ነው ኑሮው። አልጋው አንድ፣ ቁልፉ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት። እኔ ታዲያ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ጣሪያ ስር ቢያድሩ የሆነ ነገር የሚፈርስ መስሎኝ እሰጋ ነበር። ዳ ላሕሰን በተራው ሲመጣ በክር የተሰካ የደረቀ በለስ ያመጣልኛል፤ በለሱን አንገቴ ላይ ሲያደርግልኝ ባሲዲ መሄዱ ይገባኛል።

ያን ዓመት ዝናቡ አልፋታ አለና የመጋዘኑ ጣሪያ አፈሰሰ። የላይኛው ስኳር ረጠበ። ሾጣጣ ስኳር ቢረጥብ አይጠፋም፤ ቂጡ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱ ይጣበቅበታል፣ በቃ። ግን ቢጫ ቂጥ ያለው ስኳር ማን ይገዛል? ይህ ሁሉ ከመታወቁ በፊት ደግሞ ብዙው ወደ ሱቆች ተጭኖ ሄዷል።

ምሳ ላይ ተጨቃጨቁ። ከሁላችንም ፊት አንድ ሳህን ኩስኩስ አለ፣ ማንም አይበላም።

«እንቀይርላችሁ ካልን አለቀልን» አለ ባባ። አባቴ ምባርክ ይባላል፤ ስሙ ቡሩክ ማለት ይሁን እንጂ የሚጠብቀው ሁልጊዜ መዓት ነበር። «አንዱ ስኳር ይዞ ከተመለሰ ነገ ሁሉም ይመለሳል። ከዚያ በሩን ዘግተን አገር ቤት ፍየል መጠበቅ ነው።»

«ያበላሸነው እኛ፣ በደንበኛ ፊት የሚሸማቀቁት እነሱ?» አለ ባሲዲ።

«ጥግ ላይ የተከፈተውን አከፋፋይ አላየኸውም? መኪና አለው። የግድግዳ ካላንደር በነጻ ያድላል። እኛ ትንሽ ስንንገዳገድ ሰዎቻችንን ሊያፍስ ነው የተቀመጠው።»

«ካላንደር አይበላም።»

«ቢጫ ስኳርም አይበላም፣ አባ! እንደ ሙት ያሲን ነው የሚቀራልን!»

«እኛ ፍየል አለችን እንዴ?» አልኩ እኔ።

«ዝም ብለሽ ብዪ» አለች እናቴ።

አገር ቤት ያለችው ፍየል አርጋን ዛፍ ላይ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ወስደውኝ አይቻለሁ፤ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ቁልቁል ገላመጠችኝ። ዛፍ ላይ የምትወጣ ፍየል ምን ተብሎ ትጠበቃለች? ወላሂ ከዚያ ምሳ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ባባ ወደ መጋዘኑ ወርዶ ለሳሌም፣ ለተሸካሚያችን፣ «ስኳር ይዞ የሚመጣ ካለ ከበር ይመለስ። ማንም ይሁን ማን» ሲለው እኔ ከኋላው ነበርኩ። ሳሌም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ባሲዲ የእጅ ጋሪውን ራሱ እየገፋ ሲወጣ በር ላይ አገኘሁት። ዝናቡ ይወርዳል። የጀላባውን ቆብ ደፍቷል፣ ጋሪው ላይ ፕላስቲክ ተሸፍኗል።

«ወዴት ነው ባሲዲ?»

«ሰው ልጠይቅ።»

«በጋሪ?»

«ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም፣ ኢጃ።» ከዚያ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ። «እኔ እስክመለስ በሩን አደራ።»

እንዲህ ያለ አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። እናቴ ለምሳ እስክትጎትተኝ ድረስ አልተነቃነቅሁም። ከሰዓት በኋላ ባሲዲ ተመለሰ፤ ጋሪው ሲወጣ እንደነበረው ሞልቷል። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚሁ። ሞልቶ ይወጣል፣ ሞልቶ ይመለሳል፤ ባሲዲ እስከ አጥንቱ ርሶ ያስላል። ምስኪን፣ አንድም የሚገዛው አጣ ብዬ አዘንኩለት። ዕድሜ ልኩን ሲነግድ ኖሮ በስተርጅና አልሆነለትም። ለባባ እንዳልነግርበት ወሰንኩ፤ ይናደድበታል ብዬ። ሳልነግርበት ቀረሁ፤ ባባም ሳያውቅ ቀረ።

ሐሙስ ዕለት ገና ሳይነጋጋ ወደ ጎረቤታችን ወደ ላላ ዛህራ ላኩኝ። እዚያ እንቁላል ተጠበሰልኝ፣ ማር ተሰጠኝ፣ እንደገና እንቁላል ተጠበሰልኝ፤ ሲያዩኝ ሁሉም ያለቅሳሉ። የመጥበሻው ጭስ ነው ብዬ ነበር። ማምሻውን ቤት ስመለስ የባሲዲ ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል።

«ባሲዲ የት ሄደ?»

«አገር ቤት» አለች እናቴ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ተራው ደረሰ እንዴ?»

«ደረሰ።»

አሁን ሳስበው እናቴ አልዋሸችኝም። አገር ቤት ሄዷል፤ በተከራዩት መኪና፣ ባባ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ታፍራውት ከአባቱ ጎን ሊቀበር። የእኛ ሰው ካዛ ይነግዳል እንጂ ካዛ አይቀበርም። ለዚህም ነው እኔ እስከዚያ ዕድሜዬ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚመስል አይቼ የማላውቀው።

ቅዳሜ ባባ ከዳ ላሕሰን ጋር መጣ። ይኸው፣ ተራ ተቀያይረዋል አልኩ። ሮጬ አንገቴን አስጠጋሁ።

«በለሱስ?»

ዳ ላሕሰን ኪሱን ዳበሰ፣ ሌላኛውንም ዳበሰ። «ረሳሁት ልጄ» አለና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ጀመር። ለካ በለስ እንዲህ ይወዳል፣ ብዬ «ግድ የለም፣ ለሚቀጥለው ታመጣለህ» አልኩት። የባሰ አለቀሰ።

እሑድ ጠዋት ፎቅ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ቁርኣን የሚቀሩ ሰዎች መጡ፣ ጀበናው ሁሉ ተጣደ፣ ለሻዩ ናናው በክምር መጣ። የዳ ላሕሰን መምጣት ነው የተደገሰለት ብዬ ገመትኩ፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ ተደርጎለት አያውቅም፣ ግን በለሱን የረሳ ሰው ትንሽ ቢያጽናኑት ምን አለበት? ሳሌም ብርጭቆ ሊዋስ ሄደ። በሩ ባዶውን ቀረ። አደራዬ ትዝ አለኝና ወረድኩ፤ የዘይት ሣጥን ገልብጬ በሩ መሀል ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጣው ዳ በልዒድ ነው። ደርብ ሱልጣን ሰፈር ውስጥ የበር ስፋት ያላት ሱቅ አለችው፤ እዚያው ይሸጣል፣ እዚያው ቆጥ ላይ ይተኛል። ባየኝ ቁጥር ማስቲካ ይሰጠኛል። ያን ቀን ማስቲካ የለም። ሁለት ሾጣጣ ስኳር ደረቱ ላይ አቅፏል።

«ኢጃ፣ የኔ እናት፣ ባባሽ ላይ ነው?»

«ምን ይዘው ነው?»

«ስኳር ነዋ።»

«ስኳር አንቀበልም።»

በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ጎንበስ አለ። «ምን አልሽኝ?»

«ስኳር የያዘ ከበር ይመለስ ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«ባባ ነዋ።»

«እኔንም?»

«ማንም ይሁን ማን።»

ዳ በልዒድ ቀና አለና ወደ ፎቁ መስኮት አየ፣ ቁርኣኑ ይሰማል። ከዚያ ስኳሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀስ ብሎ መንገዱን ተሻገረና ከማዶ ቆመ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ የሚደረሰው ስኳር ተይዞ ነው። ሙሽራም ሲጠየቅ፣ ሐጅም ሲመለስ፣ ልጅም ሲወለድ ስኳር ነው፤ ሐዘን ላይ ግን ትርጉሙ ይከብዳል። ስኳርህን ለቅሶ ቤት ካልተቀበሉህ፣ «በድለኸናል፣ ዳግም ደጃችንን እንዳትረግጥ» ተብለሃል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ስድብ የለም። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ጢሙን ያሳደገ ሰው፣ የሣጥን ላይ ልጅ በአንድ እጁ ገለል አድርጎ መግባት ሲችል ያልገባው።

እኔ ምኑን አውቄ! እኔ የማየው ባባ የፈራው ነገር በእግሩ ሲመጣ ነው። ሁሉም ይዘው መጥተዋል! ከዓይን ሰባዕ፣ ከመዲና፣ ከቡርጉን። አንዱ አንድ፣ አንዱ ሁለት፣ ሰማያዊ ሰማያዊውን። «አንቀበልም» እላለሁ፣ ይደነግጣሉ፣ ይሻገራሉ። ካፊያ ጀመረ። ስኳሩን ጀላባቸው ውስጥ ሸጎጡትና ማዶ ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሆዳቸው ተነፍቶ ቆሙ። አይሄዱም፣ አይመጡም። ጥግ ላይ ያለው አዲሱ አከፋፋይ ይህን አይቶ ሻይ በትሪ አስያዘና «ኑ፣ ከዝናቡ ተጠለሉ» ማለት ጀመረ። አንድ ሁለቱ ወደዚያ ዘወር ሲሉ አየሁ። ይሂዱ፣ ፍየል ከመጠበቅ ይሻላል አልኩ።

በመጨረሻ የመጣው ዳ ኡበላ ነው፤ ሱቁ ሐይ ሙሐመዲ፣ ከሁሉም ሩቅ። በእግሩ ነው የመጣው። አንድ ሾጣጣ ብቻ በሁለት እጁ ይዟል። «ስኳር አንቀበልም» ስለው «ማነው ያለው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ፊቱ ቀላ። ስኳሩን እጅጌው ውስጥ ደበቀና በመጣበት ተመለሰ። ከሌሎቹ ጋር እንኳ አልቆመም።

ድልን ብቻዬን ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ ፎቅ ሮጥኩ።

ላይ ቤት ምንጣፉ ባዶ ነው። ቁርኣን የሚቀሩት ሰዎች ጨርሰው እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል። ባባ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ተቀምጧል።

«አልመጡም» ይላል ለዳ ላሕሰን። «አንድ ሰው! አንድ ሰው እንኳ ለሐጅ ቢሂ! ይኼ ቢጫ ስኳር አባቴን ያለ ለቅሶ አስቀረብኝ። በቃ፣ ጥለውን ሄደዋል፣ ዳ ላሕሰን። አልቆልናል።»

«አይዞህ ባባ» አልኩ እያለከለክሁ፣ «ሁሉንም መልሻቸዋለሁ!»

«ማንን?»

«ባለሱቆቹን። ሁሉም ስኳር ይዘው መጥተው ነበር። አንድም አላስገባሁም!»

ዳ ላሕሰን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሁሉም?»

«ሁሉም። ፍየል የለም እንግዲህ።»

ባባ ሲነሳ ጫማውን አላደረገም። ደረጃውን ባዶ እግሩን ወረደ፣ መንገዱን ባዶ እግሩን ተሻገረ፤ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋበት፣ አልሰማም። እኔ ጀላባውን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ።

«ምን በደልን፣ ምባርክ?» አለው ዳ በልዒድ ገና ሳይደርስ።  «ንገረን፣ ይቅርታ እንጠይቅ። አባትህ በዚህ ዝናብ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ እርጥቡን ስኳር አንሥቶ በደረቅ ሲቀይርልን የከረመ ሰው ነው። 'ይተዉ ሐጅ፣ ይታመሙብናል፣ እኛው እናመጣዋለን' ስለው 'የኔን ጥፋት አንተ አትሸከምም' ብሎኛል። የዚህን ሰው ለቅሶ ነው የምትከለክለን?»

«እርጥቡን ቀየረላችሁ?» አለ ባባ።

«አታውቅም እንዴ?»

ባባ እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እግሩ ጎርፉ ውስጥ ነው። ሞልቶ የሚወጣው፣ ሞልቶ የሚመለሰው ጋሪ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ባሲዲ ነጋዴነት አቅቶት አልነበረም። ደስ አለኝ። ባባ ግን እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፣ ከዚያ መሀል ሳቀ፣ ደግሞ አለቀሰ። እኔን የሰው ዓይን አሳፈረኝ።

«ዝም በል ባባ» አልኩት። «ባሲዲ ሲመለስ እኔ እነግረዋለሁ፣ አይቆጣህም።»

 ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ቀኑን ሙሉ ለልጆች ዋጋ በግልጽ ሲናገር የሚውለው ዳ በልዒድ ነው የነገረኝ። ጎንበስ ብሎ፣ ስኳሩን እንዳቀፈ፣ «ኢጃ፣ አያትሽ ሞቷል። አይመለስም» አለኝ።

«ተራው ነው ብለውኝ ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ የኔ እናት።»

ከዚያ ባባ እጄን ይዞ ወደ በሩ መለሰኝ። ሣጥኑ ላይ አቆመኝ። «እያንዳንዱን ተቀበያቸው» አለ። አንድ በአንድ ተሻግረው መጡ፤ ስኳሩን በእጄ ያስይዙኛል፣ «አላህ ያጽናሽ» ይሉኛል፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣሉ። እኔ እያለቀስኩ ለሳሌም አቀብለዋለሁ። ዝናብ የነካው ስኳር ነበር፤ ያም ቢጫ መሆኑ አይቀርም። ባባ አንዱንም አልመለሰም።

አዲሱ አከፋፋይ ሻዩን መልሶ አስገባ። በሁለት ዓመቱ ለቀቀ፣ አንዱን መኪናውን የገዛነው እኛ ነን። ግድግዳው ላይ «የመጀመሪያ መኪናችን» ተብሎ ፎቶው አለ። ካላንደሩም አብሮ መጥቶ ነበር።

ዳ ኡበላ ብቻ ቀረ። ባባ ሁለት ጊዜ ሐይ ሙሐመዲ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። «ምንም አላስቀየማችሁኝም» ይለዋል፤ ዕቃውን ግን ከሌላ ይገዛል። ያን ቀን ስናስብ ከሁሉም በላይ የምናፍረው በእሱ ነበር፣ ልጅ በሰደበው ሰው። ባባ እስኪሞት አንሥቶ አልጨረሰውም።

ባባ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው። እሱም አገር ቤት ሄደ፤ ተራው ነበር። በሦስተኛው ቀን እዚሁ በር ላይ፣ ዛሬ ሥራ አስኪያጅ በሆንኩበት ቤት፣ ስኳር ስቀበል አንድ ሞተር ብስክሌት ቆመ። ወጣቱ ከኋላው አንድ ሽማግሌ ደግፎ አወረደ። ሽማግሌው ወረቀቱ ሰማያዊ መሆኑ የቀረ፣ አመድ የመሰለ ሾጣጣ ስኳር በሁለት እጁ ይዟል። ዳ ኡበላን ወዲያው አወቅሁት።

«አንቺ ነሽ አይደል፣ የበሩ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ያኔ የመለስሽው ይኸው።»

 ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«ቆይ። ሐጅ ቢሂ 'ሐሙስ አንተ ዘንድ እመጣለሁ' ብሎኝ ነበር። የሁሉን ቀይሮ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ሐሙስ ሞተ። ሱቄ ያለው ስኳር በሙሉ እርጥብ ነው፣ ሌላ የለኝም። ለቅሶ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድ። ደህና የሚመስለውን አንዱን መርጬ መጣሁ። አንቺ 'አንቀበልም' ስትዪኝ ቢጫውን ያየሽው መሰለኝ። እንዲህ ላለ ሰው የተበላሸ ስኳር ይዞ መምጣት! አፈርኩ፣ ልጄ። ያ ሁሉ ዓመት በየት ፊቴ ልምጣ?»

ስኳሩን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ቂጡ ቢጫ ነው፣ ወረቀቱ ተጣብቋል። ያን ቀን በሩ ላይ ከቆመው ሰው ሁሉ በእውነት ተመላሽ ስኳር የያዘው እሱ ብቻ ነበር።

ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ከክምሩ መሀል፣ ጣሪያም ግድግዳም ከማይነካው በኩል፣ አንድ ሾጣጣ አወጣሁና ይዤለት ተመለስኩ።

«ዘገየንብዎት ዳ ኡበላ» አልኩት። «ይኸው ለውጡ።»

ጆሮው አጠገብ አድርጎ በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገው፣ ባለሱቅ እንደሚያደርገው።

«ደረቅ ነው» አለ።

ከዚያ ጀላባውን አስተካከለ፣ ስኳሩን በሁለት እጁ ያዘና ወደ እኔ ዘረጋው። «በይ፣ ይኼ ለባባሽ ነው። አላህ ይዘንለት፣ አንቺንም ያጽናሽ።»

ተቀበልኩት።